ክሌዋንግና የኮማንዶ ጩቤ፦ የኔዘርላንድስን የጦርነት ዘመን ስለት መርምሮ የመለየትና ሳያበላሹ የማቆየት አሠራር

«ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የደች የጦር ስለት ገዛሁ። እውነተኛ ነው? ዝገቱንስ በምን ላጽዳው?» ይህ ጥያቄ በተለይ ሆላንድ ከሚኖሩ አንባቢዎች ደጋግሞ ይመጣል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ስለቱ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገ በኋላ መሆኑ ነው። የተፈገፈገ ብረት ላይ ማኅተሙም፣ የድሮ ሞረድ መስመሩም፣ የዕድሜው ጥቁረትም አብሮ ተጠርጓል፤ ስለዚህ «እውነተኛ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት ማስረጃ አይኖርም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ይመዝግቡ፣ ቀጥሎ ይለዩ፣ ማጽዳት የመጨረሻው ይሁን።

መመሪያው የሚሠራው ለሁለት ዓይነት ስለት ነው፦ ለክሌዋንግና ለፌርቤርን-ሳይክስ የኮማንዶ ጩቤ። የማጽዳቱና የማስቀመጡ ክፍል ግን ለማንኛውም አሮጌ ጎራዴ ወይም ጩቤ ይሆናል።

በእጅዎ ያለው የትኛው ነው?

ክሌዋንግ አጭር ጎራዴ ነው። ስሙም ቅርጹም የተወሰደው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ከሚኖሩ ሕዝቦች ነው፤ እነሱ ይይዙት የነበረው ጎራዴ ባለ አንድ ስለት ሆኖ ወደ ጫፉ እየሰፋና እየከበደ ይሄዳል። በሰሜን ሱማትራ በአቼ ጫካ ውስጥ ረጅም ጠመንጃና ሳንጃ ስለማይመች፣ እ.ኤ.አ. በ1890 የተቋቋመው የምሥራቅ ህንዱ ጦር (በኢንዶኔዥያ የነበረው የኔዘርላንድስ ቅኝ ገዢ ሠራዊት) የማሬሾሴ እግረኛ ጓድ ካርባይን የሚባለውን አጭር ጠመንጃና ክሌዋንግ ይዞ ይዘምት ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሠራዊቱ መደበኛ ሞዴል የ1898ቱ ሲሆን ዛንዳም አጠገብ በሚገኘው የሄምብሩክ የመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ ተሠርቷል። ባለ ሙሉ ርዝመቱ ስለት ከ60 ሴ.ሜ. ጥቂት ይበልጣል፤ ከእጀታው ጋር 75 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። እጅ የሚጠብቀው ከብረት ቆርቆሮ እንደ ሳህን የተቆለመመ መከላከያ ነው፤ እጀታው ከእንጨት ነው።

ጀርመን በግንቦት 1940 ሆላንድን ስትይዝ የሄምብሩክ ምርት ለምሥራቅ ህንዱ ጦር ተቋረጠ። ያኔ አሜሪካ ተጠየቀች፤ በሚልዋኪ ከተማ ያለው የሚልስኮ ፋብሪካም ክሌዋንግ ሠራ። የአሜሪካ ማኅተም ስላየ ብቻ «ይሄማ ደች አይደለም» ብሎ የሚጥለው ሰው እውነተኛውን ነው የሚጥለው። በሌላ በኩል የአሜሪካ ባሕር ኃይል የ1917 ሞዴል ጎራዴ ቅርጹ ከክሌዋንግ የተቀዳ ነው፤ ገበያ ላይ «የደች» ተብሎ ሲሸጥ ይገኛል። ሁለቱን የሚለየው ቅርጽ ሳይሆን ማኅተምና ሰገባ ነው።

የፌርቤርን-ሳይክስ ጩቤ በሻንጋይ ማዘጋጃ ፖሊስ ያገለገሉት ዊልያም ፌርቤርንና ኤሪክ ሳይክስ ከለንደኑ ዊልኪንሰን ሶርድ ኩባንያ ጋር በኅዳር 1940 የነደፉት ነው። የመጀመሪያዎቹ በጥር 1941 ወጡ። የሆላንድ ግንኙነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በብሪታንያው 10ኛ የተባባሪ አገሮች ኮማንዶ ውስጥ 2ኛው ቡድን የደቾች ነበር፤ ስኮትላንድ ውስጥ አክናካሪ ሠልጥነው በ1944 ሆላንድ ውስጥ አርነምና ቫልኸረን ላይ ተዋግተዋል። የያዙት ግን የእንግሊዝ ጩቤ ነው። ስለዚህ ጩቤው ራሱ «ደች ነኝ» አይልም፤ ይህን ደረጃ 7 ላይ እንመለስበታለን።

የሚያስፈልግዎ

- የናይትራይል ጓንት፣ 2 ጥንድ
- ሜትር፣ 0.1 ሚ.ሜ. የሚያነብ ካሊፐር፣ በግራም የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን
- በክር የታሰረ ትንሽ ማግኔት
- 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ
- ተራ የእጅ ባትሪና 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ
- ዋይት ስፒሪት (ቅባትና ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ)፣ ሩብ ሊትር
- የስፌት መኪና ዘይት፣ 100 ሚሊ ሊትር
- ቁጥር 0000 (እጅግ ደቃቅ) የብረት ሱፍ
- የቀርከሃ ወይም የእንጨት ስንጥር፣ አንድ የ10 ሳንቲም ዩሮ
- ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ አሮጌ ካናቴራም ቢሆን፤ ማለስለሻ ሳይገባበት የታጠበ
- ማይክሮክሪስታሊን ሰም፤ ሬነሳንስ የሚባለው 65 ሚሊ ሊትር ጣሳ ለብዙ ስለት ይበቃል
- ለስላሳ ብሩሽ፣ አሲድ የሌለበት ስስ ወረቀት፣ ግማሽ ኪሎ ሲሊካ ጄል፣ የእርጥበት መለኪያ

በሆላንድ ሱቅ ሲገዙ ስሙን ይጠንቀቁ፦ «ተርፐንቲነ» የሚባለው ዋይት ስፒሪት ነው፤ «ተርፐንተይን» ግን ከዛፍ ሙጫ የሚወጣው ነው። ሁለቱ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው ሲደርቅ የሚያጣብቅ ቅሪት ብረቱ ላይ ይተዋል።

ከመጀመርዎ በፊት ማስጠንቀቂያ

ዋይት ስፒሪት በቀላሉ ይቀጣጠላል። መስኮት ከፍተው፣ ምድጃና ሻማ በሌለበት ይሥሩ። ጨርቁን ክፍት አየር ላይ ዘርግተው ካደረቁ በኋላ ይጣሉት።

ስለቱ ደንዟል ብለው አይናቁ። የኮማንዶው ጩቤ ቀጭንና ሹል ነው፤ ደንዝዞም ይወጋል። በሥራ ላይ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ አይኑር።

ሆላንድ ውስጥ ጎራዴና ባለ ሁለት ስለት ጩቤ በመሣሪያና ጥይት ሕጉ አራተኛው ምድብ ውስጥ ይገባሉ። 18 ዓመት የሞላው ሰው ቤቱ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በአደባባይ ይዞ መሄድ ግን ክልክል ነው። ከገበያ ወደ ቤት ሲወስዱ እንኳ ወዲያው ሊወጣ በማይችልበት መንገድ ታሽጎ መሆን አለበት። ብሪታንያ ደግሞ 50 ሴ.ሜ.ና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ጎራዴ ላይ የተለየ ክልከላ አላት፤ ሙሉ ርዝመት ያለውን ክሌዋንግ ወደዚያ ከመላክዎ በፊት ሕጉን ያንብቡ። ሌላ አገር ከሆኑ፣ ወይም ወደ ኢትዮጵያ ሊወስዱ ካሰቡ፣ ከመግዛትዎ በፊት ጉምሩክን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳይጠርጉ ፎቶ ያንሱ፣ ይለኩ

ስለቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝተው ማስመሪያ ከጎኑ ያድርጉ። ሁለቱንም ገጽ፣ የእጀታውን ራስ፣ መከላከያውን ከላይና ከታች፣ የሰገባውን አፍና ጫፍ ያንሱ። ከዚያ ይጻፉ፦ ጠቅላላ ርዝመት፤ ከመከላከያው እስከ ጫፍ በቀጥታ መስመር የስለቱ ርዝመት፤ ስፋቱ መከላከያው አጠገብና በጣም በሰፋበት ቦታ፤ ክብደቱ።

የጀርባውን ውፍረት በሦስት ቦታ ይለኩ፦ ሥሩ፣ መሐሉና ከጫፉ 5 ሴ.ሜ. ገባ ብሎ። በፋብሪካ የወጣ ስለት ውፍረቱ በሥርዓት እየቀነሰ ይሄዳል። መሐሉ ላይ ድንገት የሳሳ ከሆነ አንድ ሰው በመሞረጃ በልቶታል፤ ጫፉ ላይ እንደ ሥሩ ወፍራም ሆኖ ከቀረ ደግሞ ስለቱ ተቆርጧል ማለት ነው። ይህን በዓይን አያዩትም፤ ካሊፐሩ ግን ይነግርዎታል።

ደረጃ 2፦ ከሰገባው ያውጡ

ሰገባውን በጀርባው በኩል ይያዙ። ዙሪያውን ጨብጠው አይሳቡ፤ የአሮጌ ቆዳ ስፌት በስለቱ በኩል የበሰበሰ ስለሚሆን ስለቱ ቆዳውን ሰንጥቆ መዳፍዎን ያገኘዋል።

አልወጣ ካለ የያዘው ዝገት ነው። በስለቱ ስፋት አቅጣጫ ብቻ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ይነቅንቁት። ካልሆነ ትንሽ የእንጨት ቁራጭ መከላከያው ሥር አስገብተው በቀላል መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱ፤ ምቱን በሁለቱ ጎን ያፈራርቁ። ዘይት በሰገባው አፍ ማፍሰስ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፦ ቆዳው የጠጣው ዘይት አይወጣም፣ ያጠቁረዋል፣ ያልፈሰፍሰዋል። ከወጣ በኋላ ስለቱን ወደ ሰገባው አይመልሱት። ምክንያቱ ደረጃ 10 ላይ አለ።

ደረጃ 3፦ ማኅተሙን በጎን ብርሃን ያንብቡ

ክፍሉን አጨልመው ባትሪውን ከብረቱ ጋር ሊነካካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርገው ከጎን ያብሩ። ከፊት ለፊት ያልታየ ፊደል በጥላው ይወጣል። ባትሪውን ቀስ እያሉ በክብ ያዙሩት፤ አንዳንዱ ፊደል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚታየው። ስስ ወረቀት አድርገው በእርሳስ ጎን በቀስታ ቢያሹትም ይነበባል።

በሌንሱ የፊደሉን ጠርዝ ይዩ። በብረት ማኅተም የተመታ ፊደል ዙሪያው ትንሽ ያበጠ ነው፤ ብረቱ ሲመታ ወደ ጎን ስለተገፋ። በዘመናዊ ሌዘር የተጻፈ ግን ጠርዙ አላበጠም፤ የፊደሉ ወለል የተቃጠሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተደረደሩበት ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ የኮማንዶ ጩቤዎች ላይ ያለው የዊልኪንሰን ጽሑፍ ግን የተመታ ሳይሆን በአሲድ የተበላ ስለሆነ ያበጠ ጠርዝ አይጠብቁበት። በዚህ የተሳሳቱ ብዙዎች ናቸው።

ደረጃ 4፦ ክሌዋንግ ከሆነ፣ ሙሉ ነው ወይስ የተቆረጠ?

ከ1942 እስከ 1945 ጃፓን ኢንዶኔዥያን ይዛ ሳለ የተማረኩ ክሌዋንጎች ስለታቸው አጥሮ፣ መከላከያቸውም ተከርክሞ ለአገሬው ረዳት ወታደሮች ታድለዋል። ስለዚህ አጭር ክሌዋንግ ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ራሱን የቻለ የጦርነቱ ዘመን ዕቃ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው መቼ ተቆረጠ የሚለው ነው። አራት ነገር ይመልከቱ፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

የሞረዱ መስመር። የተቆረጠበትን ጠርዝ በሌንስ ይዩ። የድሮ ሥራ መስመሮቹ ውስጥ እንደ ሌላው ብረት የጠቆረ ነገር ተኝቶበታል። መስመሮቹ እያበሩ፣ የተቀረው ስለት ግን ጠቁሮ ከሆነ ቁርጡ የቅርብ ነው።

ቀለሙ። በኤሌክትሪክ መሞረጃ የተቃጠለ ብረት ጠርዙ ላይ ገለባማ፣ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይይዛል። ይህ ቀለም ስስ ስለሆነ ለዓመታት የተነካካና የተወለወለ ስለት ላይ አይቆይም። ካዩት ይጠርጥሩ።

መከላከያው። የተከረከመው ጠርዝና ያልተነካው ጠርዝ አንድ ዓይነት ጥቁረት አላቸው?

ሰገባው። አጭር ስለት አጭር ሰገባ ይፈልጋል። ሰገባው አብሮ ካጠረ፣ በተቆረጠበት በኩል ያለውን ስፌትና የላይኛውን ስፌት በ5 ሴ.ሜ. ውስጥ ስንት መርፌ እንዳለ ይቁጠሩ። የተለያየ መሆኑ ሐሰት አያደርገውም፤ በሌላ እጅ መሰፋቱን ግን ያረጋግጣል፤ ታሪኩም ይህንኑ ነው የሚለው። አጭር ስለት በረጅም ሰገባ ከተሸጠልዎ ሁለቱ የተገናኙት ገበያ ላይ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ የኮማንዶ ጩቤ ከሆነ፣ ስንተኛው ንድፍ ነው?

ጠቅላላ ርዝመቱ 29 እስከ 30 ሴ.ሜ. ነው። መከላከያውን ይለኩ፣ እጀታውን ይዳስሱ።

የመጀመሪያው ንድፍ መከላከያው እንደ ሞገድ ተቆልምሞ 7.5 ሴ.ሜ. ያህል ይሰፋል፤ ስለቱ መከላከያው አጠገብ ሳይሳል የቀረ ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ አለው፤ ርዝመቱ 16.5 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። ሁለተኛው ንድፍ ቀጥ ያለ ሞላላ መከላከያ አለው፣ ስፋቱ 5 ሴ.ሜ. ያህል፤ ስለቱም ወደ 18 ሴ.ሜ. ረዘመ። የሁለቱም እጀታ ናስ ሆኖ መዳፍ እንዳያንሸራትት በጥቃቅን የአልማዝ ጥርስ የተሸረከተ ነው። በ1943 የመጣው ሦስተኛው ንድፍ እጀታው ተፈልፍሎ ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ እንደ ቀለበት የተደራረቡ ክቦች አሉት።

ማግኔቱን በክሩ አንጠልጥለው ወደ እጀታው ያስጠጉ። ናስም ዚንክም ማግኔት አይስቡም። ናስ ነው የተባለው እጀታ ማግኔቱን በኃይል ከሳበ በናስ የተለበጠ ብረት ነው፤ እዚህ ላይ ምርመራው ይብቃዎት። መከላከያው ግን ብረት ስለሆነ መሳብ አለበት።

የመጀመሪያው ንድፍ ጥቂት ስለሆነና ስለሚወደድ አስመሳዩ ከሁሉም የበዛው እሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ሦስተኛውን ንድፍ ቢጀምር ይሻላል፦ ይገኛል፣ ስሕተቱም አያከስርም። «ኢንግላንድ» የሚል ቃል የተመታበት ካገኙ ከጦርነቱ በኋላ ለገበያና ለውጭ ንግድ የተሠራ አድርገው ይውሰዱት፤ ሻጩ የፈለገውን ቢልም።

በመጨረሻ የስለቱን ጫፍ ይዩ። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል፤ ተሰብሮ እንደገና የተሾለ ብዙ አለ። ሁለቱ ጠርዞች ከሥር ጀምረው እኩል እየጠበቡ መሄድ አለባቸው። የመጨረሻዎቹ 2 ሴ.ሜ. ላይ በድንገት ከጠበበ ጫፉ ተሠርቷል።

ደረጃ 6፦ ዕድሜው ከራሱ ጋር ይስማማል?

እውነተኛ አሮጌ ዕቃ ሁሉም ቦታው እኩል አያረጅም። እጅ የነካው ይለሰልሳል፣ ጥጋጥጉ ይቆሽሻል። በኬሚካል የዛገ አስመሳይ ግን ዝገቱ በየቦታው አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ነው፤ በጣት ቢያሹት ይለቃል፤ የተበላው ጉድጓድም እኩል ጥልቀት ያለው ነው። መከላከያውና ስለቱ የሚገናኙበትን ስንጥቅ በስንጥር ጫር ያድርጉት፦ የዓመታት ቅባትና አቧራ የተጋገረ ጥቁር ነገር ከወጣ ጥሩ ምልክት ነው።

የሰገባውን ክር በአልትራቫዮሌት ባትሪ በጨለማ ይዩት። ዛሬ የሚሠሩ ክሮች ብዙዎቹ ማንጫ ኬሚካል ስላለባቸው ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆነው ያበራሉ። የጦርነቱ ዘመን የተልባ ወይም የጥጥ ክር ደብዛዛ ቢጫ ቢመስል እንጂ እንደዚያ አይፈካም። ሆኖም የድሮ ክርም በዘመናዊ ሳሙና ከታጠበ ሊፈካ ይችላል። ስለዚህ የፈካ ክር የጥርጣሬ ምክንያት እንጂ ፍርድ አይደለም። ያልፈካ ክርም ዕቃውን እውነተኛ አያደርገውም።

ባለ መስቀል ራስ ብሎን እጀታው ላይ ካዩ ያ ብሎን ኋላ የገባ ነው። የኮማንዶው ሰገባ ጎኖች ላይ ልብስ ላይ የሚሰፉ አራት የቆዳ ጆሮዎች ነበሩ፤ ብዙ ወታደሮች ስለቆረጧቸው አለመኖራቸው አያስደንግጥዎ።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱን ይያዙ

የኮማንዶ ጩቤን የደች የሚያደርገው ማስረጃ ብቻ ነው፦ የወታደሩ መታወቂያ ደብተር፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የቤተሰቡ የጽሑፍ ምስክርነት። ሻጩ «የአያቴ ነው» ካለ የአያቱን የጦር ክፍልና ዓመት ጠይቀው በዚያው ቀን ይጻፉት፤ ፈቃደኛ ከሆነ ያስፈርሙት። በማግሥቱ የተጻፈ ትዝታ ይሳሳታል። ወረቀት ከሌለ «የእንግሊዝ፣ ሦስተኛ ንድፍ» ብለው ብቻ ይመዝግቡ። ያልተረጋገጠን ነገር ተረጋግጧል ብሎ መጻፍ ቀጣዩን ባለቤት መበደል ነው።

ለማነጻጸር ሄደው ይዩ፦ አርነም ያለው ብሮንቤክ ሙዚየም የምሥራቅ ህንዱ ጦር ዕቃዎች ቤት ነው፤ ሱስተርበርኽ ብሔራዊው የጦር ሙዚየም አለ። የጦር ክፍል ታሪክ ለማጣራት ዴን ሃኽ ያለው የወታደራዊ ታሪክ ተቋም አለ።

ደረጃ 8፦ ማጽዳት

1. ጓንት ያድርጉ። ላብ ጨው ነው፤ ባዶ ጣት የነካው ብረት ላይ የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ይበቅላል።

2. ጨርቁን በዋይት ስፒሪት በትንሹ አርሰው ብረቱን ብቻ ይጥረጉ፣ ከመከላከያው ወደ ጫፍ። እንጨቱንና ቆዳውን አያስነኩት። አሴቶን አይጠቀሙ፤ ቀለምና ቫርኒሽ ያሟሟል፤ መከላከያው ቀለም የተቀባ መሆኑን የሚያውቁት ጨርቁ ሲጠቁር ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

3. ቀይ ዝገትን ከጥቁሩ ይለዩ። ቀዩ ንቁ ነው፣ ብረቱን መብላቱን ቀጥሏል፤ መውጣት አለበት። ጥቁሩና ቡናማው የረጋ ነው፤ የዕድሜው ማስረጃም ስለሆነ አይንኩት።

4. ቀዩ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርገው ለ24 ሰዓት ይተዉት። ዘይቱ ከዝገቱ ሥር ገብቶ ያላቅቀዋል።

5. የላላውን ዝገት በ10 ሳንቲም ጠርዝ እየገፉ ያንሱ። ለምን 10 ሳንቲም? የ10፣ የ20 እና የ50 ሳንቲም ዩሮ የመዳብ ቅይጥ ስለሆኑ ከጠነከረ ብረት ይለሰልሳሉ፤ ዝገቱን ያነሳሉ፣ ብረቱን አይጭሩም። ቀያዮቹ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞች ግን መዳብ ቢመስሉም ውስጣቸው ብረት ነው፤ ማግኔቱን ቢያስጠጉ ይያዛሉ። እነሱ ይጭራሉ።

6. ከቀረ፣ 0000 የብረት ሱፍ በዘይት አርሰው በስለቱ ርዝመት አቅጣጫ ብቻ፣ በጣት ጫፍ ክብደት፣ ከ10 ጊዜ ያልበለጠ ይጥረጉ፤ አቁመው ይዩ። በክብ አያሹ። የተጠቆረ ወይም በኒኬል የተለበጠ ገጽ ላይ፣ በአሲድ የተጻፈ ጽሑፍ አጠገብ ፈጽሞ አይጠቀሙበት፤ ጥቁረቱ ከድሮ ጨርቅ እንደሚለቅ ቀለም በሁለት ደቂቃ ይሄዳል፣ አይመለስም።

7. ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በዋይት ስፒሪት አጥፍተው ለአንድ ሰዓት ያድርቁ። ሰም ቅባት ያለበት ብረት ላይ አይይዝም።

እንጨቱ በደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል። የተልባ ዘይት አይቀቡት፤ እየቆየ ይጠቁራል፣ ያጣብቃል። የክሌዋንጉን የእጀታ ሪቬት አይምቱ፣ የጩቤውን የራስ ዳዶ አይፍቱ። ውስጡን ለማየት የተፈታ ዳዶ የመፍቻ ጭረት ይቀርበታል፤ ያ ጭረት ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ነገር ነው።

ደረጃ 9፦ ሰም

የአተር ፍሬ የሚያህል ሰም ጨርቅ ላይ አድርገው በጣም ሳስ አድርገው ይቀቡ። 15 ደቂቃ ጠብቀው በንጹሕ ጨርቅ ይወልውሉ። ይድገሙት። አንድ ወፍራም ቅብ ነጭ ሆኖ ጥጋጥጉ ውስጥ ይቀራል፣ አቧራም ይሰበስባል፤ ሁለት ስስ ቅብ ግን እርጥበትን ይከላከላል፣ አይታይምም። ናሱንና እንጨቱንም በዚሁ ይቀቡ። ቆዳውን አይቀቡ።

ደረጃ 10፦ ስለቱን ለብቻ፣ ሰገባውን ለብቻ

ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድና ጨው በሰገባው ውስጥ አሁንም አለ፤ እርጥበትም ይይዛል። ስለትን በሰገባው አስገብቶ ማስቀመጥ በእርጥብ አሲድ መጠቅለል ነው። ስለቱን አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ሰገባው ቅርጹን እንዳይለቅ ያንኑ ወረቀት ጠቅልለው ውስጡ ያስገቡ።

ሰገባው ላይ ናሱና ቆዳው በሚገናኙበት አረንጓዴ ሰም የሚመስል ነገር ካለ በቀርከሃ ስንጥር ያንሱት፤ የቆዳው ቅባትና መዳቡ የፈጠሩት ነው። ቆዳው በእጅ ላይ ቀይ ዱቄት የሚለቅ ከሆነ ቅባት አያድነውም። በወረቀት ጠቅልለው አስተኝተው ያቆዩት።

ደረጃ 11፦ ማስቀመጫ

እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን። ከዚያ ከበለጠ ብረቱ ይዝጋል፤ በጣም ካነሰ ቆዳውና እንጨቱ ይሰነጠቃል። ምድር ቤትና ከጣሪያ ሥር ያለ ክፍል አይሆኑም።

የኦክ እንጨት መሳቢያ ያማረ ይመስላል፣ ግን አሴቲክ አሲድ ይተነፍሳል፤ ዚንክን በተለይ ይበላል። የሦስተኛው ንድፍ እጀታ ዚንክ መሆኑን ያስታውሱ። የፕላስቲክ ሳጥን ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይሻላል። ፒቪሲ ላስቲክ፣ ስፖንጅና ጋዜጣ አያስገቡ።

ሲሊካ ጄሉ ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ይግዙ። ቀለሙ ሲለወጥ ትሪ ላይ ዘርግተው 120 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ለ2 ሰዓት ያድርቁት፤ እንደገና ይሠራል። በየ6 ወሩ ስለቱን አውጥተው ከፎቶው ጋር ያነጻጽሩ፤ በዓመት አንዴ ሰሙን ያድሱ።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- ስለቱን መሳል። ፋብሪካው ያወጣው ጠርዝ ይጠፋል፤ የደረጃ 1 ልኬትም ዋጋ አይኖረውም።
- ዝገትን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ማጥፋት። አሲዱ ዝገቱን ያነሳል፤ የረጋውን ጥቁረትም አብሮ ያነሳና ብረቱን ግራጫና ደብዛዛ ያደርገዋል። በእጀታው ሥር የገባው ደግሞ ታጥቦ ስለማይወጣ ከውስጥ መብላቱን ይቀጥላል።
- ናሱን በመወልወያ ክሬም ማብራት። በአልማዝ ጥርሱ መካከል ነጭ ዱቄት ይጋገራል፣ የጥርሱም ሹልነት ይጠፋል።
- ከፎቶ ብቻ መግዛት። ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከማስመሪያ ጋር የተነሣ ሙሉ ፎቶ፣ የማኅተሙ ፎቶ በጎን ብርሃን፣ ማግኔት እጀታው ላይ ተደርጎ። ይህን ለማንሳት ጊዜ የሌለው ሻጭ ጋር አይቸኩሉ።
- በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ይዞ መሄድ። ፍተሻው ላይ ይወሰዳል። በሚረከቡት ሻንጣ ውስጥ ጫፉን በቡሽ ሰክተው፣ በጠንካራ ካርቶን ጠቅልለውና አስረው፣ ከደረጃ 1 ፎቶና ከግዢ ወረቀቱ ቅጂ ጋር ያስገቡት፤ ከመነሳትዎ በፊትም አየር መንገዱን ይጠይቁ።